46 ወይስ 30? የአንድ መንጋጋ ጥርስ ሁለት ቁጥር

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ከታች በቀኝ በኩል ያለው መንጋጋ ጥርሴ እያመመኝ ነው። አዲስ አበባ ራጅ ተነሥቼ «46 ቁጥር ሩት ካናል (የጥርስ ሥር ውስጥ ቦይ ሕክምና) ያስፈልገዋል» ተባልኩ። ሜሪላንድ እያለሁ ይህንኑ ጥርስ ሳስሞላ የተሰጠኝ ወረቀት ግን 30 ይላል። የሰው ጥርስ 32 አይደል እንዴ? 46 ከየት መጣ? ደግሞስ ነቅዬው ብገላገልስ?

መልስ፦ አይደናገጡ፣ ጥርሱ ያው አንዱ ነው። የተለያየው አቆጣጠሩ ነው።

አሜሪካኖች ከላይ በቀኝ ካለው የመጨረሻ መንጋጋ 1 ብለው ይጀምሩና ወደ ግራ ሄደው 16 ይደርሳሉ። ከዚያ ወደ ታች ወርደው ከግራ ጫፍ 17 ብለው ይቀጥሉና በቀኝ 32 ላይ ይጨርሳሉ። አብዛኛው ዓለም ግን አፍን በአራት ይከፍላል፦ ላይ ቀኝ 1፣ ላይ ግራ 2፣ ታች ግራ 3፣ ታች ቀኝ 4። ሁለተኛው አኃዝ ጥርሱ ከፊት መሃል ሲቆጠር ስንተኛ እንደሆነ ይነግርዎታል። ስለዚህ 46 ማለት «አራት፣ ስድስት» ነው፤ ታች በቀኝ ስድስተኛው። ቀኝ የሚባለውም የእርስዎ ቀኝ ነው። ራጁ ላይ በግራ በኩል ቢያዩት እንዳይገርምዎ።

ይህ ነገር ቀልድ አይደለም። 31 አሜሪካ ውስጥ የታች ቀኝ ሁለተኛ መንጋጋ ነው፤ እዚህ ደግሞ የታች ግራ የፊት ጥርስ! ወረቀት ይዘው አገር ሲቀይሩ ቁጥሩን ብቻ አይናገሩ፣ ጥርሱን በጣት ያሳዩ።

46 በ6 ዓመት አካባቢ የሚበቅል ቋሚ ጥርስ ነው። ከወተት ጥርሶቹ ኋላ፣ ምንም ሳይነቀል ብቅ ስለሚል ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለውና ችላ ይለዋል። ቶሎ የሚበላሸውም አንድም ለዚህ ነው። በመስታወት ቢያዩት ብዙውን ጊዜ አምስት ጉብታ አለው፤ ሦስቱ በጉንጭ፣ ሁለቱ በምላስ በኩል። ጎረቤቱ 47 አብዛኛውን ጊዜ አራት ነው ያለው። 48 የጥበብ ጥርስ ነው፣ ቅርጹም እንደየሰዉ ነው። 46 ሁለት ሥር ሲኖረው በውስጣቸው በአብዛኛው ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ቦይ አለ። ሩት ካናሉ ከፊት ጥርስ ይልቅ ረዘም የሚልብዎ ለዚህ ነው።

መንቀሉን በተመለከተ፦ ሐኪምዎ ጥርሱ ይተርፋል ካለ እኔ ብሆን አላስነቅለውም። ክፍተቱ እንዲሁ ከተተወ 47 ወደ ፊት ሊያዘነብል፣ ከላይ በትይዩው ያለው 16ም («አንድ፣ ስድስት») ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ያኔ ማኘክም ማጽዳትም ችግር ነው። ሩት ካናል ከተሠራ በኋላ ደግሞ ክራውን (ጥርሱን የሚሸፍን ቆብ) ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ያስፈልገዋል፣ ካልተሸፈነ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ፊትዎ ወይም ከአገጭዎ ሥር ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካቃተዎ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።