«እናቴ የገዛሁላትን ስልክ አልነካ አለች»

ደብዳቤው ከጅማ ነው። ጸሐፊዋ የሁለት ልጆች እናት ናት። ባለቤቷ የቡና ነጋዴ ነው፤ አዲስ ቤት ሠርተው ከዚያው ከጅማ መርካቶ አካባቢ ከወጡ 3 ዓመት ሆናቸው። እናቷ እዚያው የድሮው ቤት ቀርተዋል። ቅሬታዋ ሲያጥር እንዲህ ነው፦ «ታች ስልክ ገዛሁላት፤ ከነላስቲኩ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለችው። በቴሌብር የላክሁላትን ብር 8 ወር ሙሉ አላወጣችም። በዚያች በበተን ስልኳ ግን በቀን 3 ጊዜ ሚስኮል ታደርግብኛለች። ስደውል ‹ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው› ትላለች። ሰው ፊት ታሳፍረኛለች። እንዴት ላስረዳት?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ስልኩ ስንት ጂቢ እንደሆነ ሳይቀር ጽፈሻል። እናትሽ ቤት መጨረሻ የሄድሽው መቼ እንደሆነ ግን የትም የለም።

ስልኩን የገዛሁት ብር እንድትቀበልበት ነው ብለሻል። ቴሌብር እኮ ኮከብ 127 መሰላል ተብሎ በበተን ስልክም ይሠራል። ብሩም እየገባላቸው ነው። ቀጥሎ ያለው መስመርሽ ይበልጥ እውነቱን ይናገራል፦ «ልጆቹን በቪዲዮ ታያቸዋለች።» ዱባይ ያለች ልጅ ብትለው ይገባኛል። በባጃጅ 15 ደቂቃ ነው ያልሽው ግን ራስሽ ነሽ።

ሌላም ነገር አለ። ስለ እናትሽ ሥራ «ድሮ ቡና ላይ ትሠራ ነበር» ብለሽ አለፍሽው። ቡና ላይ ምን? መልሱ ወረድ ብሎ አመለጠሽ። ስልኩን ለምን እንደማይነኩ ስትጠይቂያቸው «ጣቴን አያውቀውም» ብለውሻል፤ አንቺም በቅንፍ «ለቀማ አድርቆት» ብለሽ ጨመርሽ። እናትሽ መጋዘን ቁጭ ብለው ጥቁሩንና ነቀዝ የበላውን ፍሬ ከደህናው እየለዩ ነው ያሳደጉሽ ማለት ነው። (የደረቀ ጣት ስክሪን እንደማይሰማለት አትጠራጠሪ። ሰበብ አይደለም።)

እኔ የሚታየኝ ይህ ነው። ኑሮሽ ሲለወጥ የድሮ ሰፈርሽ ከበደሽ። ከባጃጅ ስትወርጂ የሚያይሽ ዓይን፣ በርጩማ ላይ እስከ በረካ መቀመጥ፣ «ልጆቹን አላመጣሽም?» መባል። እናትሽን ትወጃቸዋለሽ፤ ይህ ከደብዳቤሽ ያስታውቃል። ስልኩ ግን ሳትሄጂ ጥሩ ልጅ የምትሆኚበት መላ ሆነልሽ። ድሮ ለእናቱ ብር የሚሰጥ ሰው ከብሩ ጋር አብሮ ይገባ ነበር። ቡና ይጠጣል፣ ጣራው ማፍሰሱን ያያል፣ ጎረቤት ይመርቀዋል። አሁን ብሩ ብቻውን ይደርሳል። አልነቅፍም፤ እኔም ለእህቴ የምልከው በዚያው ነው። ብሩን ያላወጡት ንቀውሽ አይመስለኝም። ይዘሽው እስክትመጪ እየጠበቁ ይመስለኛል።

ሚስኮሉንም እይው። ሂሳብ አጥተው እንዳትዪ፣ የ8 ወር ብር አላቸው። እሳቸው ከደወሉ እናት ልጇን ፈለገች ነው። አንቺ ከደወልሽ ግን ልጃቸው ፈለገቻቸው። በቀን 3 ጊዜ የሚለምኑሽ ይህችን ነው።

ደግሞ ሰው በሚስኮል ብቻ ይህን ያህል አያፍርም። አማትሽ ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቅ ብለው ጠፍተዋል። እሳቸው ፊት ነው የምታፍሪው? እርግጠኛ አይደለሁም፤ በደብዳቤ የሚያልቅም አይደለም። እዚያው ጅማ ፊት ለፊት የሚያነጋግርሽ የሥነ ልቦና ባለሙያ ብትፈልጊ ደስ ይለኛል።

እስከዚያው አንድ እሁድ ልጆቹን ይዘሽ ሂጂ። ስለ ስልኩ አታንሺ። እናትሽ መጀመሪያ ቀን ሊያኮርፉ ይችላሉ፤ ቻይው። ታች ስልኩም ላስቲኩ ውስጥ ይቆይ። ትንሿ ልጅሽ ካየችው ማንንም ሳታስፈቅድ ትቀደዋለች።