ስፒከሩ ጀርባ ላይ የተጻፈው ዋት አያታልልዎት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን በ8 ኦም በአንድ ቻናል 40 ዋት የሚሰጥ ስቴሪዮ አምፕሊፋየር አላቸው፤ ጀርባው ላይ «6–16 ኦም» ተብሎ ተጽፏል (ኦም ስፒከሩ የኤሌክትሪክ ጅረትን የሚቋቋምበት መጠን መለኪያ ነው)። ክፍላቸው 4 በ5 ሜትር ሲሆን የሚያዳምጡት ከስፒከሮቹ 2.5 ሜትር ያህል ርቀው ተቀምጠው ነው። በያዙት ገንዘብ ከሁለት ጥንድ የመደርደሪያ ስፒከሮች አንዱን መግዛት ይችላሉ። የመጀመሪያው 4 ኦም፣ 84 ዴሲቤል፣ 120 ዋት፤ ሁለተኛው 8 ኦም፣ 88 ዴሲቤል፣ 75 ዋት። ዋቱ የበዛው ይበልጥ ይጮሃል ብለው ወደ መጀመሪያው አዘንብለዋል፤ ግን ደግሞ «40 ዋት አምፕ 120 ዋት ስፒከር ማንቀሳቀስ ይችላል ወይ?» የሚል ስጋት ይዟቸዋል።

ሁለተኛውን ይግዙ። ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ የሰጉበት ቁጥር ግን ሌላ መሆን ነበረበት።

ስፒከር ዋት ይቀበላል እንጂ አይሰጥም። 120 ዋት የሚለው በውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል፣ ኮይሉ፣ ሳይቃጠል ሊሸከመው የሚችለውን ኃይል ነው። ድልድይ መግቢያ ላይ «20 ቶን» ተብሎ እንደሚጻፈው ማለት ነው፤ 2 ቶን የሚመዝን መኪና ቢያልፍበት ድልድዩ ምንም አይሆንም። አለካኩም ከአምራች አምራች ይለያያል። አንዱ ለረጅም ሰዓት የሚችለውን ሲጽፍ ሌላው ለቅጽበት የሚችለውን ከፍተኛ ጫፍ ይጽፋል። ስለዚህ 120ን ከ75 ጋር ማወዳደር ብዙ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ማወዳደር ነው። ይህን ቁጥር ይተዉት።

ቁም ነገሩ ዴሲቤሉና ኦሙ ላይ ነው፤ ሁለቱን ደግሞ ነጣጥሎ ማንበብ አይቻልም። ዴሲቤሉ ሴንሲቲቪቲ ይባላል፦ ስፒከሩ 2.83 ቮልት ሲሰጠው 1 ሜትር ርቀት ላይ ምን ያህል እንደሚጮህ ይናገራል። 2.83 ቮልት በ8 ኦም ላይ ልክ 1 ዋት ነው። በ4 ኦም ላይ ግን 2 ዋት ይሆናል። እንግዲህ «84 ዴሲቤል፣ 4 ኦም» የተባለው ስፒከር ያንን 84 ያገኘው 2 ዋት በልቶ ነው። ኃይል በእጥፍ ሲቀንስ ድምፁ በ3 ዴሲቤል ስለሚወርድ፣ በ1 ዋት ሲለካ እውነተኛው ቁጥሩ 81 ነው። ሁለተኛው ስፒከር በ1 ዋት ያው 88 ነው። ልዩነቱ 4 ሳይሆን 7 ዴሲቤል ሆነ ማለት ነው።

7 ዴሲቤል ወደ ኃይል ሲቀየር አምስት እጥፍ ነው። ሁለቱም 1 ሜትር ላይ 97 ዴሲቤል እንዲጮሁ ከተፈለገ ባለ 88ቱ 8 ዋት ይበቃዋል፣ የመጀመሪያው ግን 40 ዋት ይጠይቃል። ጅረቱን ደግሞ እንይ። ባለ 8 ኦሙ ለዚህ ድምፅ ከአምፑ የሚስበው 8 ቮልትና 1 አምፔር ነው። ባለ 4 ኦሙ 12.6 ቮልትና ከ3 አምፔር በላይ ይስባል። አምፑን የሚያግለው ይህ ጅረት ነው። ትራንዚስተሮቹ ይሞቃሉ፣ ትራንስፎርመሩ ይጨናነቃል፤ መከላከያ ሪሌይ ያለው አምፕ በሙዚቃው መሀል «ጠቅ» ብሎ ይዘጋል፣ ከሌለው ደግሞ ፊውዙ ወይም ራሱ ትራንዚስተሩ ይሄዳል።

በዚያ ላይ «4 ኦም» የስም ቁጥር ነው እንጂ ቋሚ መጠን አይደለም። የስፒከር ኢምፒዳንስ፣ ማለትም በኦም የሚለካው መቋቋሙ፣ ከድምፁ ፍሪኩዌንሲ (ቅጥነትና ውፍረት) ጋር ይወጣል ይወርዳል። በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃ መሠረት ዝቅተኛው ነጥብ ከስሙ 80 በመቶ በታች መውረድ የለበትም፤ ስለዚህ ለ4 ኦም 3.2፣ ለ8 ኦም 6.4 ኦም ይፈቀዳል። ርካሽ ስፒከሮች ላይ ይህም ወሰን ሲጣስ ይታያል። ጀርባው ላይ 6 ኦም ድረስ ብቻ የተፈቀደለት አምፕ 3 ኦም ሲገጥመው ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። አንዳንድ አምፕ ከኋላው ኢምፒዳንስ መምረጫ ማብሪያ አለው። ማብሪያው ወደ ዝቅተኛው ሲደረግ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው የውስጡ ቮልቴጅ ዝቅ ማለቱ ነው፤ አምፑ ይቀዘቅዛል፣ ኃይሉም አብሮ ይወርዳል። ሴንሲቲቪቲው ዝቅተኛ ለሆነ ስፒከር ይህ መፍትሔ አይሆንም።

40 ዋቱ ለክፍልዎ ይበቃል ወይ? 40 ዋት ከ1 ዋት በ16 ዴሲቤል ይበልጣል፤ 88 ሲደመር 16፣ 1 ሜትር ላይ 104። ወደ 2.5 ሜትር ሲርቁ በባዶ ሜዳ ቢሆን 8 ይቀነሳል። በክፍል ውስጥ የጥንዱ ሌላኛው ስፒከርና ግድግዳው ቢያንስ 3 ያህሉን ይመልሳሉ፤ 99 ገደማ ቀረ እንበል። ቤት ውስጥ ደህና ከፍ ተደርጎ የሚደመጥ ሙዚቃ በአማካይ 75 ዴሲቤል ቢሆን፣ የከበሮው ምት ከአማካዩ ከ15 እስከ 20 ዴሲቤል ይዘላል፤ ይህም እስከ 95 ነው። ትርፍ አለዎት። በመጀመሪያው ስፒከር ያንኑ ሒሳብ በ40 ዋት ሲሠሩት 92 ላይ ይቆማል፤ ከበሮው በተመታ ቁጥር ጫፉ ይቆረጣል።

የጫፍ መቆረጥ፣ በባለሙያ አነጋገር ክሊፕ ማድረግ፣ ቀላል ጉዳይ አይደለም። «አነስተኛ አምፕ ስፒከር አያቃጥልም» የሚባለው ስህተት ነው። አምፑ አቅሙ ሲያልቅ የሞገዱ አናት ጠፍጣፋ ይሆናል። ከዚያ የሚወለደው ብዙ ቀጭን ድምፅ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ በሚለየው ክሮስኦቨር በኩል በቀጥታ ወደ ትዊተሩ፣ ቀጭኑን ድምፅ ወደሚያወጣው ትንሽ ክፍል፣ ይሄዳል። የትዊተር ኮይል ሽቦ ፀጉር የሚያህል ስለሆነ ያለማቋረጥ የሚችለው ጥቂት ዋት ብቻ ነው። ምልክቱን ጆሮ ይለየዋል፦ ዘፋኙ ሻካራ ይሆናል፣ ከበሮው ጡጫውን አጥቶ ይደፈናል። ያኔ ወዲያው ዝቅ ያድርጉት። የድምፅ ኖቡ ገና ግማሽ ላይ ነው ብለው አይዘናጉ፤ የሲዲ ማጫወቻ እስከ 2 ቮልት ስለሚልክ ብዙ አምፖች ግማሹ አካባቢ ሙሉ ኃይላቸውን ጨርሰዋል። የባስ ኖብን በ10 ዴሲቤል ከፍ ማድረግም በዚያ ክልል አሥር እጥፍ ኃይል መጠየቅ ነው።

ታዲያ ሁለተኛውን ሲገዙ የሚያጡት ነገር የለም ወይ? አለ፤ ባስ ነው። በስፒከር ሥራ የሆፍማን ሕግ የሚባል አለ፦ ትንሽ ሣጥን፣ ጥልቅ ባስና ከፍተኛ ሴንሲቲቪቲ፣ ከሦስቱ ሁለቱን ብቻ ነው ማግኘት የሚቻለው። የመጀመሪያው ስፒከር 84 የሆነው ምናልባት ትንሽ ሣጥን ውስጥ ባስ ለማውጣት ሲል ነው። የሁለቱን የባስ ወሰን ያወዳድሩ፤ ግን «45 ኸርዝ» ብቻ ተብሎ ስንት ዴሲቤል ወርዶ እንደሆነ ካልተጻፈ ቁጥሩ ዋጋ የለውም፣ ከ3 ዴሲቤል ቅናሽ ጋር የተጻፈውን ይፈልጉ። ባለ 13 ሴንቲሜትር ዎፈር (ባሱን የሚያወጣው ትልቁ ክፍል) ብዙውን ጊዜ 55 ወይም 60 ኸርዝ ላይ ይደክማል፣ ባለ 16ቱ እስከ 45 ወይም 50 ይወርዳል። የባስ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ስለሆነ ሁለቱም ያንን ሙሉ በሙሉ አይሰጡዎትም። ለኋላ ግድግዳ ማስጠጋት ባሱን ያግዛል። የአየር ቀዳዳው ከኋላ ከሆነ ግን ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ይራቅ፤ ካልሆነ ባሱ ይጎረብጣል፣ እንደ በርሜል ያስተጋባል። የግድ መጽሐፍ መሀል የሚሸጎጥ ከሆነ ቀዳዳው ከፊት የሆነውን ወይም ጭራሽ የሌለውን ይምረጡ።

ባለ 4 ኦሙን ማሰብ የሚገባው አምፑ 4 ኦም በግልጽ ሲፈቀድለትና በ4 ኦም የሚሰጠው ዋት በ8 ከሚሰጠው አንድ ተኩል እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ 40 እና 65። ይህ የኃይል ምንጩ ጅረት እንዳለው ያሳያል። በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣው ናድ 3020 የተባለ አምፕሊፋየር በወረቀት 20 ዋት ብቻ ነበር፤ ሆኖም አስቸጋሪ ስፒከሮችን በማንቀሳቀስ ስም ያተረፈው በዚሁ የጅረት አቅሙ ነው። የአምፑን ዋት ሲያነቡም ከጎኑ የተጻፈውን ይመልከቱ። «ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ፣ ሁለቱም ቻናል፣ 0.1 በመቶ መዛባት» ከተባለ ቁጥሩ የምር ነው። «1 ኪሎኸርዝ፣ 10 በመቶ መዛባት» ከተባለ ግን አምፑ ክሊፕ እያደረገ የተለካ ነው፤ የተጋነነ ነው።

ያገለገለ ስፒከር ከሆነ ቴስተር ይዘው ይሂዱ። ባለ 8 ኦሙ በቴስተር ከ5.5 እስከ 7፣ ባለ 4ቱ ከ3 እስከ 3.7 ኦም ያህል ማሳየት አለበት። ቴስተሩ የሚያነበው የዎፈሩን ኮይል ብቻ ነው። የትዊተሩን መንገድ ካፓሲተር ስለሚዘጋው ትዊተሩ ተቃጥሎም ንባቱ ያው ነው። ስለዚህ ሙዚቃ ዝቅ አድርገው ከፍተው ጆሮዎን በየትዊተሩ አጠገብ ያድርጉ፤ የሲምባል ፍጭርጭሪት ከሁለቱም እኩል መምጣት አለበት። የዎፈሩን ኮን በሁለት እጅ ጣቶች ዙሪያውን እኩል ይዘው በቀስታ ወደ ውስጥ ይግፉት። ቢፋጭ ኮይሉ ከማግኔቱ ጋር እየታከከ ነው፣ ይተዉት። ጠርዙ ስፖንጅ ከሆነ በጣት ነካ ሲያደርጉት ይፈረፈር እንደሆነ ይዩ። የጎማ ጠርዝ ረጅም ዕድሜ አለው።

ከመግጠምዎ በፊት አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ይዘለዋል። አምፑን ያለ ስፒከር ይክፈቱ፣ ድምፁን ዜሮ ያድርጉ፣ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ። ቴስተሩን ዲሲ ሚሊቮልት ላይ አድርገው የእያንዳንዱን ቻናል የስፒከር መውጫ ይለኩ። እስከ 50 ሚሊቮልት ችግር የለም። 100ን ካለፈ አምፑ መታየት አለበት፤ ቮልት ደረጃ ከደረሰ ግን ጨርሶ አዲስ ስፒከር አይግጠሙበት፣ ዎፈሩን ያነደዋል።

ለ5 ሜትር ርቀት 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ ይበቃል፤ 2.5 ከሆነ ጥሩ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ከሆነ አንድ ደረጃ ወፈር ያለውን ይውሰዱ። የሽቦውን ጫፍ ከ1 ሴንቲሜትር በላይ አይላጡት፣ ጥብቅ አድርገው ይጠምዝዙት፤ አንዲት የባዘነች ክር ወደ ጎረቤቱ ተርሚናል ከደረሰች ሾርት ነው። አምፑ ኤ እና ቢ የሚል መምረጫ ካለው ሁለት ጥንድ ባለ 8 ኦም ስፒከሮችን አንድ ላይ አይክፈቱ። አብዛኛው አምፕ ላይ በትይዩ ስለሚገናኙ 4 ኦም ይሆናሉ፣ የሸሹት ችግር ተመልሶ ይመጣል።

ሲጨርሱ አንድ ዘፋኝ ብቻውን የሚዘፍንበትን ይክፈቱ። ድምፁ ከሁለቱ ስፒከሮች መሀል፣ ስፒከር ከሌለበት ቦታ መምጣት አለበት። ተበታትኖ ከጎንና ከጎን የሚመጣ ከሆነና ባሱም ከሳሳ የአንዱ ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ተገልብጧል። አምፑን ያጥፉና የአንደኛውን ብቻ ጫፎች ያቀያይሩ። ሁለቱም ገመዶች በትክክል ገብተው ሳለ ችግሩ ካልጠፋ አንዱ ስፒከር ውስጡ ተገልብጦ የተሸየደ ሊሆን ይችላል። 1.5 ቮልት ድንጋይ ፖዘቲቩን በቀዩ፣ ኔጌቲቩን በጥቁሩ ተርሚናል ላይ ለቅጽበት ነካ ያድርጉ፤ የሁለቱም ዎፈሮች ኮን ወደ ውጭ መዝለል አለበት። ወደ ውስጥ የሄደውን ይክፈቱትና ዎፈሩ ላይ ያሉትን ሁለት ሽቦዎች ያቀያይሩ።