ከአውሮፓ ኅብረት መውጣትና የብሪታንያ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ፦ ጥያቄና መልስ

በብሪታንያ በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤትና በካውንስል (በአካባቢ አስተዳደር) የሚሠሩ ወገኖቻችን ስለ ጡረታቸው የላኳቸውን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ለብዙ ዓመታት በአንድ የአካባቢ አስተዳደር የጡረታ ክፍል ስለሠራሁ፣ ከ2016ቱ ሕዝበ ውሳኔ በፊትም በኋላም ሰዎች በዚህ ጉዳይ ሲጨነቁ በቅርብ አይቻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ፤ አሥራ ሁለት ዓመት አገልግያለሁ። አገሪቱ ከኅብረቱ ስትወጣ የጡረታችን ገንዘብ በኅብረቱ መቀመጫ በብራስልስ ቀርቷል የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እውነት አይደለም። የእርስዎን ጡረታ ቃል የገባልዎ የብሪታንያ ፓርላማ እንጂ ብራስልስ አይደለም። የአሁኑ ሥርዓት የቆመው በ2013 በወጣው የመንግሥት አገልግሎት ጡረታ ሕግ ላይ ሲሆን፣ ጡረታው በየዓመቱ በኤፕሪል ወር ከዋጋ ንረት ጋር እንዲያድግ የሚያደርገው ደግሞ የ1971ዱ ሕግ ነው። በተጨማሪም የጤና፣ የመምህራንና የሲቪል ሰርቪስ ጡረታ በአንድ ቦታ የተቀመጠ ገንዘብ የለውም፤ ዛሬ ከደመወዝዎ የሚቆረጠው መዋጮ ዛሬ ጡረታ ለወጡት ይከፈላል፣ የጎደለውንም ግምጃ ቤቱ ይሞላል። የካውንስል ሠራተኞች ጡረታ ብቻ ነው በእውነተኛ ፈንድ ተጠራቅሞ በአክሲዮንና በንብረት ላይ የሚውለው።

ወሬው የመጣበትን መንገድ ግን እገምታለሁ። ብሪታንያ ስትወጣ ከተስማማችባቸው ክፍያዎች አንዱ በአባልነቷ ዘመን ያገለገሉ የኅብረቱ ባለሥልጣናትና ሠራተኞች ጡረታ ድርሻ ነበር፤ ይህም ለብዙ አሥርተ ዓመታት ቀስ በቀስ የሚከፈል ነው። በዜና «የጡረታ ዕዳ» ሲባል የሰማ ሰው የራሱ ጡረታ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጡረታው ካልተነካ ፖለቲከኞቹ በየጊዜው የሚጨቃጨቁት በምን ላይ ነው? አንዱ «ብሬግዚት (ከኅብረቱ መውጣቱ) አደኸየን» ይላል፣ ሌላው «የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ አገር አፈረሰ» ይላል።

መልስ፦ ሁለቱም ወገኖች ብዙም የማያነሱት አንድ ቁጥር አለና በእርሱ ላይ ቆም ብዬ ላብራራ። መንግሥት ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚከፍለው ጡረታ ዛሬ ስንት ያወጣል ብሎ ሲያሰላ የወደፊቱን ክፍያ በየዓመቱ በመቶኛ እየቀነሰ ወደ ዛሬ ዋጋ የሚያመጣበት የቅናሽ ምጣኔ አለ፤ ይህ ምጣኔ ደግሞ ከ2011 ጀምሮ የታሰረው ኢኮኖሚው ወደፊት ያድጋል ተብሎ ከሚገመትበት ፍጥነት ጋር ነው። ዕድገቱ ዝቅ ይላል ተብሎ ሲገመት ምጣኔው ይወርዳል፣ ምጣኔው ሲወርድ ያው ጡረታ ዛሬ በወረቀት ላይ የበለጠ ውድ ይሆናል፣ አሠሪውም የበለጠ መዋጮ እንዲከፍል ይጠየቃል። በ2011 ከዋጋ ንረት በላይ 3 በመቶ የነበረው ምጣኔ በ2016 ወደ 2.8፣ በ2018 ወደ 2.4፣ በ2023 ወደ 1.7 ወርዷል። በዚህም ምክንያት የጤና አገልግሎቱ አሠሪዎች ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የሚከፍሉት ከደመወዙ 14.3 በመቶ የነበረው በ2019 ወደ 20.6፣ በ2024 ደግሞ ወደ 23.7 በመቶ ከፍ ብሏል።

እዚህ ላይ ነው ከኅብረቱ መውጣት የሚገባው። የበጀት ኃላፊነት ጽሕፈት ቤት የሚባለው ገለልተኛ ተቋም፣ መውጣቱ የአገሪቱን ምርታማነት በረጅም ጊዜ፣ አባል ሆና ብትቀጥል ከሚደርስበት ደረጃ 4 በመቶ ያህል እንደሚቀንሰው ገምቷል። ከኅብረቱ ጋር የሚደረገው ንግድ በወረቀት ሥራና በፍተሻ ሲከብድ ዕድገት ይቀዘቅዛል፣ የቀዘቀዘ ዕድገት ደግሞ በዚህ ስሌት በኩል እስከ ሆስፒታሉ በጀት ድረስ ይወርዳል። ሆኖም ሐቁን ሙሉ ልንናገር ይገባል፦ ምርታማነት ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ ጀምሮ ደክሞ ነበር፣ የምጣኔው የመጀመሪያ ቅነሳም የተነገረው በማርች 2016፣ ሕዝበ ውሳኔው ሳይካሄድ ነው። ስለዚህ መዋጮው የጨመረው በብሬግዚት ብቻ ነው የሚለው ስሕተት ነው። ለነርሷ ወይም ለመምህሩ ጡረታው ስለበዛላቸው ነው የሚለው ግን የባሰ ስሕተት ነው፤ የጡረታው ጥቅም በ2015 ተቀንሶ፣ ከመጨረሻ ደመወዝ ወደ አማካይ ደመወዝ ተለውጦ፣ መውጫ ዕድሜውም ከፍ ብሎ ሳለ ወጪው በወረቀት ላይ የጨመረው በስሌቱ ነውና። ይህን ሳይለዩ ሠራተኛውን መውቀስ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ በመምህራን ጡረታ ውስጥ ነኝ። ከ2015 እስከ 2022 ላለው አገልግሎቴ «ምርጫ አለዎት» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ይህን ያስገኘው የአውሮፓ ሕግ ነው ሲባል ሰማሁ፤ አሁን ከወጣን በኋላ ሊነጠቅ ይችላል?

መልስ፦ በ2015ቱ ለውጥ ጊዜ መንግሥት ለጡረታ የተቃረቡትን በአሮጌው ሥርዓት እንዲቆዩ ፈቅዶ ወጣቶቹን ወደ አዲሱ አዛወራቸው። ወጣት ዳኞችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከሰሱ፣ በዲሴምበር 2018ም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህ በዕድሜ ላይ የተመሠረተ አድልዎ ነው ብሎ ፈረደ። በቀጣዩ ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመንግሥትን ይግባኝ ሳይቀበል ሲቀር፣ መንግሥት ውሳኔው ለሌሎቹም ሥርዓቶች እንደሚሠራ ተቀበለ። እርስዎም ጡረታ ሲወጡ ከኤፕሪል 1 ቀን 2015 እስከ ማርች 31 ቀን 2022 ላለው አገልግሎትዎ ከአሮጌውና ከአዲሱ የሚሻልዎትን ይመርጣሉ።

አድልዎን የከለከለው የ2010 የእኩልነት ሕግ የብሪታንያ ሕግ ነው፤ የዕድሜው ጥበቃ መነሻ ግን ኅብረቱ በ2000 ያወጣው መመሪያ ነው። ሌላም ልጨምር። በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚሠሩ ሰዎች፣ በተለይ ሴቶች፣ ከብዙ የጡረታ ሥርዓቶች ተገልለው ነበር፤ መብታቸውን ያገኙት በሉክሰምበርግ የሚገኘው የኅብረቱ ፍርድ ቤት ጡረታ የደመወዝ አካል ስለሆነ ሴትና ወንድ እኩል ሊከፈላቸው ይገባል በማለቱ ነው። ልጅ እያሳደጉ ማታ ማታ ሆስፒታል የሚያጸዱ እናቶቻችን ዛሬ ከሚያገኙት ጡረታ አንዱ ሥር ይህ ነው።

የእርስዎ ምርጫ ግን በ2022 በወጣ የፓርላማ ሕግ ስለተጻፈ ከኅብረቱ መውጣት ብቻውን አይነጥቀውም። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የአውሮፓ ሕግ በብሪታንያ የበላይነት የለውም፤ መንግሥት ከጥበቃዎቹ አንዳንዶቹን እንዳይጠፉ እንደገና በእኩልነት ሕጉ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ልዩነቱ ከእንግዲህ ፓርላማው ሕጉን ልለውጥ ቢል ከውጭ የሚያግደው የኅብረት ሕግ አለመኖሩ ነው። እንውጣ ያሉት ይህንን ነበር የፈለጉት፣ እንቆይ ያሉትም ይህንን ነበር የፈሩት። እኔ በበኩሌ አጥሩ ዝቅ ብሏል እላለሁ፤ ስለዚህ የሠራተኛ ማኅበር አባል መሆንና የአካባቢዎን የፓርላማ ተወካይ መጠየቅ ከዱሮው ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል።

ጥያቄ፦ ጡረታ ስወጣ አዲስ አበባ ገብቼ መኖር እፈልጋለሁ። ገንዘቡ ይከተለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱን ጡረታዎች ለይተው ይያዙ። ከአሠሪዎ የሚያገኙት ጡረታ የትም ቢኖሩ ይከፈላል፣ ከዋጋ ንረት ጋርም ያድጋል። ሁሉም ሰው የሚያገኘው የመንግሥት ጡረታ ግን ወደ ኢትዮጵያ ቢከፈልም አያድግም፤ ሁለቱ አገሮች በዚህ ላይ ስምምነት ስለሌላቸው በጀመረበት መጠን ቆሞ ይቀራል። በ2016 ሙሉው አዲስ ጡረታ በሳምንት 155.65 ፓውንድ ነበር፤ በ2025 230.25 ሆኗል። በ2016 ወጥቶ አዲስ አበባ የገባ ሰው አሁንም የሚያገኘው 155.65 ሲሆን፣ ለንደን፣ ሮም ወይም ቴል አቪቭ የሚኖረው ጓደኛው ግን በ2025 230.25 አግኝቷል። ሁለቱም እኩል ዓመት ከፍለው ይህ መሆኑ ግልጽ በደል ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ በብሬግዚት የመጣ አይደለም፤ ከዚያ በፊትም የነበረ ነው። እንዲያውም በስፔንና በፈረንሳይ የሚኖሩ ብሪታንያውያን ጡረተኞች የፈሩት እንደኛ እንዳይሆኑ ነበር፣ በመውጫ ስምምነቱና በኋላ በተፈረመው የንግድ ስምምነት ግን ጭማሪያቸው ተጠበቀላቸው። ጭማሪ የተከለከሉ ሰዎች ጉዳያቸውን በስትራስቡርግ እስካለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ወስደው በ2010 ተሸንፈዋል። (ያ ፍርድ ቤት የኅብረቱ አካል አይደለም፣ ብሪታንያም እስካሁን አባል ናት።) ተመልሰው ብሪታንያ ቢኖሩ ክፍያዎ ወደ ወቅቱ መጠን ይስተካከላል። ስለዚህ የአዲስ አበባ ኑሮዎን ሲያቅዱ የመንግሥቱን ጡረታ በየዓመቱ የመግዛት አቅሙ እንደሚቀንስ አድርገው ያስሉ።

ጥያቄ፦ ለንደን ከመምጣቴ በፊት ጣሊያን ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ እዚህ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። የጣሊያኑ ባከነ?

መልስ፦ አልባከነም። ለብሪታንያ የመንግሥት ጡረታ ቢያንስ 10 ዓመት ያስፈልጋል፤ የጣሊያኑ ዓመታት ተደምረው ይህን ደፍ ያሻግሩዎታል፣ ብሪታንያ ግን የምትከፍለው እዚህ ለሠሩት ሰባት ዓመት ብቻ ነው፤ ሙሉው 35 ዓመት ስለሆነ አንድ አምስተኛ ያህል ማለት ነው። የጣሊያኑን ድርሻ ጣሊያን በራሷ ሕግ ትወስናለች። ከ2021 ወዲህ ለሚዘዋወሩ ሰዎች ይህን የሚገዛው የንግድ ስምምነቱ ክፍል የተፈረመው ለ15 ዓመት ስለሆነ መታደስ ይኖርበታል፤ በጊዜው የተገኘ መብት ግን ይጠበቃል። የጣሊያን የደመወዝ ወረቀቶችዎን አይጣሉ።

ጥያቄ፦ በሴፕቴምበር 2022 የጡረታ ፈንዶች ሊወድቁ ነበር ተብሎ ነበር። የእኛም ነበር?

መልስ፦ አልነበረም። ያኔ የታወጀው የግብር ቅነሳ የመንግሥት ቦንድ ዋጋን ስላወረደ፣ በቦንድ ላይ በብድር የተጫወቱ የግል ድርጅቶች ፈንዶች ተጨነቁ፣ የእንግሊዝ ባንክም ሴፕቴምበር 28 ጣልቃ ገባ። የሆስፒታልና የመምህራን ጡረታ ፈንድ ስለሌለው አልተነካም።

ጥያቄ፦ በካውንስል ጽዳት እሠራለሁ። ኑሮ ስለከበደኝና ጡረታው ወደፊት ይቀራል ስለሚባል ከመዋጮው ልውጣ?

መልስ፦ እባክዎ አይውጡ። ሲወጡ የሚቀርብዎ የእርስዎ መዋጮ ብቻ ሳይሆን አሠሪው ከላይ የሚጨምረው ገንዘብ ነው፤ በሥራ ላይ ሳሉ ቢሞቱ ለቤተሰብዎ የሚከፈለው የሦስት ዓመት ደመወዝም አብሮ ይቀራል። ፓርላማው ወደፊት ለአዲስ አገልግሎት ሕጉን ሊለውጥ ይችላል፣ እስከዛሬ ያገለገሉበትን መንካት ግን እጅግ ከባድ ነው፤ የ2015ቱም ለውጥ ያለፈውን አገልግሎት አልነካም። ወሩ በእርግጥ ከከበደዎ በካውንስሎች ጡረታ ውስጥ ግማሽ መዋጮ ከፍለው ግማሽ ጡረታ የሚያጠራቅሙበት መንገድ አለ፣ የሞት ክፍያውም ሙሉ ሆኖ ይቆያል። ደመወዝ ክፍል ሄደው «ሃምሳ በሃምሳ» የሚባለውን ቅጽ ይጠይቁ።