መልስ፦ ከመድረክ የመጡ ፊልሞችን ቤት ውስጥ ማየት

ከቴአትር የተወሰዱ ፊልሞችንና የቆዩ ጥበባዊ ፊልሞችን ቤትህ ስታይ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እንደሚሰለቹህ ጽፈህ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጠይቀሃል። እኔ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ቴሌቪዥንህን ነው።

አብዛኞቹ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች እንቅስቃሴን የሚያለሰልስ ቅንብር አላቸው። እነዚህ ፊልሞች የተቀረጹት በሰከንድ 24 ምስል ነው፤ መሣሪያው በመሃል የራሱን ምስሎች እየፈጠረ ሲሰገስግ፣ በሐዘን የተሰበረው ተዋናይ ዜና አንባቢ ይመስላል። አጥፋው። ስክሪኑ ይሙላ ብለህ ምስሉን አትለጥጠው፤ ጥቁሩ ግራና ቀኙን ይያዝ፣ ምንም አይጎዳህም።

ለጅምር የዳይሬክተር ሲድኒ ሉሜትን «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» (እ.ኤ.አ. 1957) እይ። መነሻው ለቴሌቪዥን የተጻፈ ድራማ ሲሆን፣ በአንድ ተከሳሽ ላይ ለመወሰን የሚከራከሩት የአሥራ ሁለት ሰዎች ታሪክ ከሞላ ጎደል ከአንድ ክፍል አይወጣም። ግን ካሜራውን ተከታተለው። መጀመሪያ ከዓይን ከፍታ በላይ ሆኖ ሰዎቹን ቁልቁል ያያል፤ ክርክሩ ሲከር ዝቅ እያለ ይሄዳል፣ ሌንሶቹም ግድግዳውን ወደ ሰዎቹ የሚያስጠጉ ይሆናሉ። ወደ መጨረሻው ጣሪያው ሳይቀር ይታያል። ክፍሉ ያው ነው፤ ትንፋሽ የሚያጥረው ግን አንተን ነው። ይህን መድረክ ላይ አታገኘውም።

የካርል ድራየርን «ኦርዴት» (እ.ኤ.አ. 1955) ግን አሁን አትንካው። ይህኛው ካይ ሙንክ ከጻፈው ቴአትር የተወሰደ ነው፤ እኔ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼው በሦስተኛው፣ ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጬ ነው የጨረስኩት። ካሜራው በዝግታ ሰውን ከወንበር ወደ መስኮት ሲከተል ዓይንህ እስኪለምደው ጊዜ ይፈልጋል።