እህቴ ተናገረች፤ ሽማግሌ ተላከብን

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። የ22 ዓመት ታናሽ እህቴን የዛሬ አራት ወር የቤተሰብ ወዳጅ ደፈራት። ሰሞኑን ለእኔ፣ ከዚያም ለእናታችን ነገረች። የሰውየው ዘመዶች ሽማግሌ ልከው “በእርቅ ይለቅ፤ አለዚያ በስም ማጥፋት እንከሳታለን” ይላሉ። ምን ላድርግላት?

መልስ፦ እህቴ፣ ስላመንሻት አመሰግንሻለሁ። በሥራዬ ካየኋቸው መሃል ጉዳያቸውን የተዉት ብዙዎቹ ቤት ውስጥ ከጎናቸው የሚቆም ያጡ ናቸው።

ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብላችሁ በክብር ሸኙ። አስገድዶ መድፈር ግን በእርቅ የሚዘጋ ጉዳይ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 መሠረት ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። የሚከሰው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ቤተሰብ ስለታረቀ ክሱ አይቀርም። የእርቅ ወረቀት ላይ ማንም እንዳይፈርም። ነገ “ተስማምተን ነበር” ብለው ይዘውት ይመጣሉ።

የስም ማጥፋቱ ዛቻ አያስደንግጣት። የደረሰባትን ለፖሊስ በእውነት መናገር መብቷ ነው። በሐሰት መወንጀል የሚባለው ንጹሕ መሆኑን እያወቁ ሰውን መክሰስ ነው። ፌስቡክ ላይ ስሙን መለጠፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እውነትነቱን አስረጂ ልትባል ትችላለች። ዝም ትበል ማለቴ አይደለም። መጀመሪያ ቃሏ ፖሊስ ዘንድ ይመዝገብ።

አራት ወር አልረፈደም፤ የክሱ ይርጋ፣ ማለትም ክስ ማቅረብ የሚቻልበት ጊዜ፣ 20 ዓመት ነው። ሰውየው የላከላት መልእክት ካለ አታጥፉ። የዚያን ዕለት ቀሚሷ ሳይታጠብ ካለ በፌስታል አትቋጥሩት፣ እርጥበት ያበላሸዋል። በወረቀት ጠቅልላችሁ ለመርማሪው ስጡ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሄዳ ትመርመር፣ የኤችአይቪ ምርመራም ይደረግላት። (ለሌሎች አንባቢዎች፦ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። በዚያው ቀን ሂዱ።) አርግዛ ከሆነ ሕጉ ማቋረጥ ይፈቅድላታል። በአንቀጽ 552 መሠረት የራሷ ቃል በቂ ነው፤ የፖሊስ ወረቀት አምጪ ልትባል አይገባም።

ፖሊስ ጣቢያ ሴት መርማሪ ጠይቁ። ፍርድ ቤትም በዝግ ችሎት እንዲሰማት ማመልከት ይቻላል። ጠበቃ መክፈል ካልቻላችሁ የጎንደር ዩኒቨርሲቲን የነፃ ሕግ ድጋፍ ጠይቁ።

አንድ ነገር ልብ በይ። መጀመሪያ የነገረችው ለአንቺ ስለሆነ ምስክር ልትሆኚ ትችያለሽ። የነገረችሽን ቀን፣ የት እንደነበራችሁና ያለችሽን በራሷ ቃል ዛሬውኑ ጻፊው። እሷ ቃሏን ስትሰጥ አትግቢ፣ አታርሚያት። በር ላይ ጠብቂያት። ስትወጣ ውሃ ስጫት፤ ጥያቄው ይቆይ።