መልስ፦ ሲጋራ ያላጨሱ እናት ሳንባቸው ለምን ታመመ?

ሰላም እህቴ፣ እናትሽ ሲጋራ ሳያጨሱ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም እንዴት እንደያዛቸው ጠይቀሻል። የመኪና ጭስ ይሆን ወይ ላልሽው፣ የአሮጌ ሚኒባስ ጥቁር ጭስ ንጹሕ ነው ባልልም እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው ማድ ቤቱን ነው። መስኮት በሌለው ማድ ቤት በእርጥብ እንጨትና በኩበት ለዓመታት እንጀራ መጋገር ቀላል ነገር አይደለም። በጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሚባለው መርዛማ ጋዝ ሌላ ከ2.5 ማይክሮሜትር (ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ያነሱ ብናኞች አሉ፤ አፍንጫ አያግዳቸውም፣ እስከ ሳንባ ጥግ ዘልቀው ወደ ደም ይገባሉ። የአየር ቧንቧን ያጠብባሉ፣ ልብንም ይጎዳሉ። ጀርባ ላይ የታዘለው ሕፃን ደግሞ ለሳንባ ምች ይጋለጣል፤ ይህን ብዙዎቻችን እንዘነጋዋለን። የኤሌክትሪክ ምጣድ ካልተቻለ ደረቅ እንጨትና ጭስ ማውጫ ይረዳሉ። ለሐኪማቸውም ስንት ዓመት በጭስ እንደጋገሩ ንገሪው፤ ካልነገርሽው ላይጠይቅ ይችላል።