ሙቀትንና ኦዞንን አብራችሁ አንብቡ

የከባቢ አየርን ጥናት ለጀመራችሁ ወጣቶች፦

በእኛ ጊዜ የሳተላይት መረጃ የሚገኘው በደጅ ጥናት ነበር። ዛሬ እ.ኤ.አ. በ2004 የመጠቀችው የናሳ ሳተላይት ኦራ የሰበሰበችውን ማንም በነፃ ያወርዳል። ኤምኤልኤስ የተባለው መሣሪያዋ አየሩ ራሱ የሚያመነጨውን ማይክሮዌቭ ስለሚያነብ ቀንም ሌሊትም ሙቀትንና ኦዞንን በየከፍታው ይለካል። ይህን የመሰለ ሀብት ይዛችሁ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ስታዩ ይቆጨኛል።

እስቲ ይህን ሞክሩ። ከምድር ወገብ በላይ አንድ ከፍታ ምረጡ። ከየዕለቱ ሙቀት ላይ የምድር ዙሪያውን አማካይ ቀንሱና ኬንትሮስን በአግድም፣ ቀናትን በቁመት አድርጋችሁ ሣሉት። ሙቅና ቀዝቃዛ መስመሮች እየተፈራረቁ ቀን በቀን ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ካያችሁ የኬልቪን ሞገድ፣ ማለትም በምድር ወገብ ዙሪያ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ የአየር ሞገድ፣ አግኝታችኋል፤ በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ ላይም የሚያልፍ ነው።

አሁን ኦዞኑን በላዩ ደርቡበት። በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሙቀቱ ከፍ ባለበት ኦዞኑም በዝቶ ታገኙታላችሁ። እዚያ ኦዞን ዕድሜው ረጅም ነው፤ ሞገዱ አየሩን ወደ ታች ሲገፋው አየሩ ተጨምቆ ይሞቃል፣ ከላይ ያለውንም የበለጠ ኦዞን ይዞ ይወርዳል። በ40 ኪሎ ሜትር ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በሞቀበት ኦዞኑ ያንሳል። እዚያ ኦዞን ቶሎ ተሠርቶ ቶሎ ይፈርሳል፣ ሙቀት ደግሞ መፍረሱን ያፋጥነዋል። አንዱ ሞገድ በታች አጓጓዥ፣ በላይ የኬሚስትሪ ቀስቃሽ መሆኑን በገዛ ሥዕላችሁ ስታዩት ነው ትምህርቱ የሚገባችሁ።

ይህን የለመደ ዐይን በዜና አይታለልም። በመስከረም 2002 እ.ኤ.አ. ከታች የወጡ ግዙፍ ሞገዶች የአንታርክቲካን የዋልታ አዙሪት (በዋልታው ዙሪያ የሚሽከረከረውን ቀዝቃዛ አየር) ሰንጥቀው የኦዞኑን ቀዳዳ ለሁለት ከፈሉት። በ2019ም ሞገዶቹ አየሩን ስላሞቁት (በዋልታ ኦዞንን የሚያጠፋው ኬሚስትሪ ብርድ ይፈልጋልና) ቀዳዳው ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ትንሹ ሆነ። በማግስቱ ዓመት በአርክቲክ ሞገዱ ደከመ፣ አዙሪቱ እንደቀዘቀዘ ቆየ፣ ኦዞኑም ክፉኛ ተመናመነ። ኦዞንን የሚያጠፉ ኬሚካሎችን የሚያግደው የሞንትሪያል ስምምነት ውጤት አለው፤ እኔም ከልቤ አምንበታለሁ። የአንድ ዓመት ቀዳዳ መጥበብን ግን ለስምምነቱ አትስጡ፤ መጀመሪያ የዚያን ዓመት ሞገድ መርምሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤምኤልኤስ በቁመት በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ያለውን አማካይ ነው የሚሰጣችሁ። ከዚያ ያጠረ ሞገድ በሥዕላችሁ ላይ ባይታይ የለም ብላችሁ አትጻፉ፤ በከባቢ አየር ውስጥ ሲያልፍ ከሚታጠፈው የጂፒኤስ ምልክት የተገኘውን የሙቀት መረጃ አምጡና አስተያዩ።